ውሻው እስኪመጣ

ለወንድሜ ለላሞንት፣ ባሕር ላይ ያለው የነዳጅ ቁፋሮ እንዴት ይዞሃል? እዚህ ሉዊዚያና ሁላችንም ደህና ነን።

እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ምሳ የጎድን ጥብስ ጭኜ ስሄድ፣ ፖሊስ «የኋላ መብራትሽ አይሠራም» ብሎ አስቆመኝ። አባባ «ፖሊስ እጃችሁን ካላየ ይተኩሳል» ብሎ እንዳስተማረን ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። የቅጣት ወረቀቱን ከሰጠኝ በኋላ፣ «ዕፅ አነፍናፊ ውሻ እስኪመጣ ቆዪ» አይለኝ መሰለህ!

«የመብራቱ ጉዳይ አልቋል። ውሻህን እንድጠብቅ የሚያስገድደኝ ሕግ የለም» አልኩት።

«የደበቅሽው ከሌለ ምን ያስፈራሻል?»

«ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ነዋ!»

ጥርሱን ነክሶ ለቀቀኝ።

ልጄ ኦዴላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ምላሷ የኔው ነው፤ ፖሊስ ቢያስቆማት እሷም መልስ መስጠቷ አይቀርም። ቁልፉን በጠየቀችኝ ቁጥር ፍሬኑ ተበላሽቷል እላታለሁ። አንተ ራስህ የቀየርክልኝ አዲስ ፍሬን መሆኑን እንዳትነግርብኝ።

በደህና ይመልስህ።

እህትህ ቬርኒታ