ኩሬው ዳር የተተከለው ችካል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔስ ደስታ ሊገድለኝ ነው።

ከአባታችን ቤት ጓሮ የቆፈርኩት ኩሬ ላይ የዱር ዳክዬዎች አረፉልኝ። ለእነሱ ስል ድመቴን ለጎረቤት ሰጠሁ። አንዷማ ቄጠማው ውስጥ እንቁላል ታቅፋለች።

ሰሞኑን አንድ ቀያሽ መጥቶ ግቢውን ለካ። «አዲሱ ባለቤት ኩሬውን ያስደፍኑታል» ሲለኝ፣ «ቤት ተሳስተሃል ልጄ፤ ወንድሜ ሳይነግረኝ አይሸጥም» ብዬ ሳቅሁበት።

«ወፊት እርስዎ አይደሉም?» አለኝ።

ካንተ በቀር በዚህ ስም የሚጠራኝ የለም እኮ። የሚጠጣ ውሃ ሰጠሁት።

ኩሬው ዳር የተከለውን ችካል አልነቀልኩትም፤ ዳክዬዋ ትደነግጥብኛለች። ጫጩቶቿ እስኪፈለፈሉ እንኳ ይቆይ።

ጤናህን ጠብቅ፤ ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ ነኝ። ወፊት ብዬ እንዳልፈርም፣ ስሙን አሁን ቀያሹም ያውቀዋል።