ፎቁ ላይ የሌለው፣ ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር

ለክቡር ዶክተር ሼ ጂያ-ሚንግ
የአንሃይ ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሰባተኛ ፎቅ (ከመንገድ ላይ ሆነን ስንቆጥረው ስድስተኛ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎ የሚስማማ፣ ጉልበትዎም የበረታ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ሕመም የሚባል ነገር በደጅዎ እንዳያልፍ፣ አይበለውና ካለፈም መጠኑን በትክክለኛው ቁጥር ለመጥራት እንዲበቁ ዘወትር እጸልያለሁ።

እኔ ሊያው ዉን-ቦ እባላለሁ። በዚህች የወደብ ከተማ ለሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድራሽ ሆኜ ሳገለግል የሆስፒታልዎን ደብዳቤዎች በዝናብም በሐሩርም በሞተሬ ጭኜ ደረጃ ለደረጃ ያደረስሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሁንግ ዪን-ኋ ከልጅነቷ ጀምሮ በራችን ላይ በርጩማ አውጥታ፣ ከባሕር የወጣ ዛጎል በአጭር ቢላ እየፈለቀቀች ሥጋውን ለገበያ የምታወጣ ሴት ነበረች። «ነበረች» ያልኩት በሕይወት ስለሌለች አይደለም፤ ዛጎል የሚፈለቀቀው በቀኝ እጅ ስለሆነ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያ ቀኝ እጅ ነው። ለክቡርነትዎ ብቻ ልኬው መሳቢያ ውስጥ ብቻውን እንዳይተክዝ፣ አንዱን ቅጂ በባሕር እመቤት ቤተ መቅደስ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ሳምንት የላኩልን መልስ ደርሶናል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙም ቀይና ደማቅ ነው፤ እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። በዚያ መልስዎ «ታካሚዋ በስድስት ተከታታይ ክትትሎች የሕመሟ መጠን ሦስት፣ ማለትም ቀላል መሆኑን በራሷ አንደበት ስላረጋገጠች፣ በባልደረቦቻችን በኩል የተፈጸመ ስሕተት አልተገኘም» ካሉ በኋላ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል የአበው ምክርም መርቀውልናል። ምክሩ መልካም ስለሆነ ባለቤቴ እንድትሰማው ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ስለዚህ ምስጋናችንንና ጥቂት የማይረቡ ቅሬታዎቻችንን በቅደም ተከተል እነሆ እላለሁ።

አንደኛ። ስለ አቀባበላችሁ እናመሰግናለን። ባለቤቴ የዛጎሉ ስለት መዳፏን የወጋት በሙታን ወር፣ የሙታን መናፍስት በሕያዋን መካከል ይዞራሉ በሚባልበት ወር፣ ባሕሩ እንደ ሾርባ በሚሞቅበት ሰሞን፣ ዕለቱም ማክሰኞ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት እጇን ላየው ሰው ትንኝ የነደፋት እንጂ ሌላ አይመስልም ነበር፤ ቀላ ብሏል፣ ትንሽ አብጧል፣ በቃ። እሷ ግን ነፋስ ሲነካው ትጮኻለች። ዪን-ኋ ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ ለሚረባው ለማይረባው የምትጮህ ሴት አይደለችም፤ ቢላ ጣቷን ሲቆርጣት በጨው ውሃ አጥባ ሥራዋን የምትቀጥል ሰው ናት። በሞተሬ አፈናጥጬ አመጣኋት። አንሶላችሁ ነጭ፣ ነርሶቻችሁ ትሑት፣ ወረፋችሁም አጭር ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም መጥቶ ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ እጇን አየና «ትንሽ ቁስል ናት፤ እንከታተላታለን» ብሎ ክኒን አዘዘ። እጇን ሳይዳስሰው ማወቁ ጥበቡን ያሳያል። ስለ ሕመሟ ደግሞ ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ እንደምትጠይቃት ነግሮን ወደ ስብሰባ ሄደ።

ሁለተኛ። ስለዚያ ድንቅ ቅጽ። ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር የተደረደረበት፣ በየቁጥሩም ሥር ከሳቂታ እስከ አልቃሻ ፊት የተሳለበት ወረቀት አላችሁ። ነርስ ፋንግ የምትባል፣ ከሰሜን ከዋና ከተማው የመጣች፣ ወላጆቿ በሥርዓት ያሳደጓት መሆኑ የሚያስታውቅ ልጅ ወረቀቱን ይዛ አጠገባችን ቆመች።

«እማማ፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?» አለቻት።

ባለቤቴ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። «ሦስት» አለች፤ ቀጥላም «ሦስት... ከፍ ያለ።»

«ከፍ ያለ ሲሉ፣ አራት ነው?»

«አፍሽን ያዢ፣ የኔ ልጅ! አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ደግሞም በዚህ ወር እሱን ልጥራ?»

«እሺ፣ አምስት ልበለው?»

«አምስትማ ምጥ ነው። ሦስት ልጅ አምጬ ወልጃለሁ፣ አላጋንንም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ፣ እማማ?»

«ከሦስት ወዲያ፣ ከአምስት ወዲህ።»

«ኮምፒውተሩ እንደዚህ አይቀበልም እኮ፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«እንግዲያው ሦስት በይው፤ በኔ የተነሣ አይቸገር» አለቻት ባለቤቴ። ለኮምፒውተር እንኳ ይሉኝታ ያላት ሴት ናት፤ ምን ላድርጋት?

ክቡርነትዎ የተማሩ ሰው በመሆንዎ ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎ ብዬ እንጂ፣ በአገራችን አንደበት «አራት» እና «ሞት» የሚለያዩት ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ ሲጠራው አፉን ያዝ ያደርጋል፤ በሽተኛማ በአልጋው ላይ ሆኖ አይጠራውም። እኔም በራስጌዋ ቆሜ ነበር። ቁጥሩ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በሚስቴ ራስጌ ሞትን ልጥራ? አልጠራሁም። ይህ የእኔ ድርሻ ስለሆነ ለማንም አላካፍልም፤ እስካሁንም እንደ እሳት ያቃጥለኛል።

ከቅጹ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ «ሦስትና ከዚያ በታች ከሆነ ነርስ ትከታተል፤ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ወዲያውኑ ይጠራ» የሚል ትእዛዝ እንዳለ ያወቅሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ቅጂውን ለምኜ ስወስድ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በዚያች ትንሽ ፊደል መጻፋችሁ ወረቀት ለመቆጠብ መሆን አለበትና ቁጠባችሁን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ። ስለ ሰዓት አክባሪነታችሁ። በየሁለት ሰዓቱ ብላችሁ ነበር፣ በየሁለት ሰዓቱ ሆነ፤ ደቂቃ አልዘገያችሁም። እኩለ ቀን ሲሆን ባለቤቴ የሩዝ ገንፎ ማንኪያ መያዝ አቃታት፣ «የሦስት ታላቅ ወንድም ነው» አለቻት ለነርሷ፤ ሦስት ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ እብጠቱ ከአንጓዋ አለፈ፣ ጥርሷን ነክሳ ትራሷን በግራ እጇ ጨምድዳ ያዘች፣ «ሦስት ከነቤተሰቡ» አለች፤ ሦስት ተብሎ ተጻፈ። በሐሞት ጠጠር የተኙት የጎን አልጋዋ ወይዘሮ ቢጨንቃቸው «አንቺ ሴትዮ፣ ዘጠኝ በይና ተገላገዪ! እኔ ዘጠኝ ብዬ አይደል መርፌ የወጉኝ!» ብለው ጮኹባት። ባለቤቴም «ታዲያ ልዋሽ?» አለቻቸው።

ነርስ ፋንግን ግን አልወቅሳትም። ፊቷ እየገረጣ ሄዶ በመጨረሻ ለሐኪሙ ደወለች። እኔ አጠገቧ ስለነበርሁ ሰምቻለሁ። «ስንት ነው የምትለው?» ይላታል። «ሦስት ነው የምትለው ዶክተር፣ ግን እኔ ሳያት...» «ሦስት ከሆነ ተከታተሏት።» ስልኩ ተዘጋ። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ዓይን ያየው ነገር የሚሞላበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

አመሻሹ ላይ ቆዳው ወይን ጠጅ መሰለ፣ ውሃም ቋጠረ፣ ትኩሳቱም ስሟን እስክትረሳ አነደዳት። ያን ጊዜ ሌላ በሽተኛ ፍለጋ የገቡ አንድ ሽማግሌ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በአልጋዋ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። የዚሁ የባሕር ዳር ሰው ናቸው፤ ቁጥር አልጠየቁም። «ዛጎል ነው የወጋት?» አሉኝ። «አዎ ጌታዬ።» «መቼ?» «ትናንት ጠዋት።» ከዚያ በኋላ አልጋውን ራሳቸው እየገፉ ሮጡ። ሞቅ ያለ ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ በትንሽ ጭረት ገብቶ ሥጋን ከውስጥ የሚበላ ባክቴሪያ እንዳለ፣ መልኩ ሳይታይ ሕመሙ እንደሚቀድምና ቁስሉ ከሚመስለው በላይ ማሳመሙ ራሱ ዋናው ምልክት እንደሆነ በኋላ አስረዱኝ። «ጠዋት ቢሆን ኖሮ...» ብለው ወደ ሌላ በሽተኛ ሄዱ። ነፍሷ ተርፋለች፤ ዕድሜ ለእሳቸው። ቀኝ እጇ ግን ከክርኗ በታች ተቆርጧል።

አምስተኛ። አራተኛውን ፈልገው ከሆነ አይድከሙ፤ የሆስፒታልዎን ደንብ አክብሬ ዘልዬዋለሁ። በአሳንሰራችሁ ውስጥ ከሦስት ቀጥሎ የሚገኘው አምስት ነው። አልጋዎቻችሁ ሦስት ብለው አምስት ይላሉ። የተራ መጠበቂያ ወረቀታችሁ፣ የመኪና ማቆሚያችሁ፣ የመድኃኒት መስኮታችሁም እንዲሁ። እኔ ፖስታ አድራሹ በመጀመሪያው ዓመቴ ፎቅ ተሳስቼ ስንት ደብዳቤ አዛብቻለሁ! ይህን ሁሉ ያደረጋችሁት በሽተኛ ያንን ቁጥር ሲሰማ ልቡ እንዳይደነግጥ በማሰብ ነው፤ እሰየው፣ አንጀት የሚያርስ አሳቢነት ነው። እንግዲህ ሕንጻውን ስትሠሩ በሽተኛ ያን ቁጥር ማየት እንደማይወድ ካወቃችሁ፣ ቅጹን ስታዘጋጁ ያው በሽተኛ ቁጥሩን በገዛ አፉ ካልጠራ ሐኪም አይመጣለትም ብላችሁ የወሰናችሁት በየትኛው ፎቅ ላይ ተሰብስባችሁ ነው?

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ስለ መደበቅ። ባለቤቴ ምንም አልደበቀችም፣ ክቡር ሆይ። ማንኪያው ከእጇ ሲወድቅ ሁላችሁም እያያችሁ ነበር። ቀኑን ሙሉ ልትነግራችሁ ስትለፋ ዋለች፤ በወንድሙም በቤተሰቡም፣ በወዲያም በወዲህም ብላ ነገረቻችሁ፤ እናንተ የምትሰሙት ግን በአሃዝ ብቻ ሆነ። አሁን ግን የእርስዎን መልስ ካነበብሁላት ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጥና «እኔው ነኝ እኮ፤ አንዲት ቃል ከበደችኝና እጄን በላሁት» ትላለች። ጎረቤቶቿ ዛጎል ይዘው መጥተው በራችን ላይ ቁጭ ብለው ቢጠሯትም፣ ምን ይሉኛል ብላ አትወጣም። እጇን መመለስ እንደማትችሉ አውቃለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በዚህ አልጨቀጭቃችሁም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። «የደበቀ» የምትለዋን ቃል በዚያው ወፍራም ወረቀት፣ በዚያው ቀይ ማኅተም ከላይዋ አንሡላት፤ ይህንን አንብቤላት ወደ በራፏ ልመልሳት። ሁለተኛም፣ ከእንግዲህ ዛጎል የወጋው ሰው ሲመጣላችሁ ቁጥር ከመጠየቃችሁ በፊት እጁን ያዙት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንን ነው።

ለዚህ ሁሉ ላሳያችሁን ርኅራኄ፣ ለነጩ አንሶላችሁ፣ ለስድስቱ ጥንቁቅ ሦስቶቻችሁ እንዲሁም ለአበው ምክራችሁ ውለታ መክፈያ ስለሌለኝ፣ ከሰባተኛው (ከስድስተኛው) ፎቅዎ በታች ሆኜ ባርኔጣዬን አውልቄ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ረጅም ዕድሜና የማይቆራረጥ ስብሰባ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ፣
ሊያው ዉን-ቦ
ጡረተኛ ፖስታ አድራሽ፣ የሁንግ ዪን-ኋ ባል

ማሳሰቢያ፦ ከመልስዎ ጋር «ማብራሪያው ገብቶኛል፤ ከእንግዲህ ቅሬታ የለኝም» የሚል ወረቀት አያይዘው በአሥር ቀን ውስጥ እንድንመልስ አዘዋል። በግርጌውም፣ እንደ ጥንቱ ሥርዓት፣ ወንድ ከሆነ የግራ፣ ሴት ከሆነች የቀኝ አውራ ጣቷን አሻራ ታኑርበት ይላል። ባለቤቴ ትእዛዝ አክባሪ ስለሆነች እንቢ አላለችም። የተባለው አውራ ጣት ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ እናንተው ዘንድ ስለቀረ፣ ፈልጋችሁ እንድታሳትሙበት ወረቀቱን መልሼ ልኬዋለሁ። ቀለሙን አብሬ አያይዣለሁ።