በእኔ አፍ ሲነጋገሩ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያገሩ አየር ተስማማህ? እኛ ከነከብቶቻችን ደህና ነን፤ ገብሱም ዘንድሮ አምሮበታል። እኔ ግን ከፍልሰታ ወዲህ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

አንተ ከሄድህ ጀምሮ አባባ ስምህ ቤት ውስጥ እንዳይነሣ ከልክለዋል። ከእማማም ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው «ለእናትሽ ንገሪያት» ይሉኛል፤ እሷም «ለአባትሽ ንገሪልኝ» ትለኛለች። አንድ ቀን መልእክት ላደርስ አፌን ብከፍት ድምፄ እምቢ አለኝ። ጠበል ተጠመቅሁ፤ አልተመለሰም። ደብረ ታቦር ያሉ ሐኪሞች ጉሮሮዬን አይተው በሽታ ቢያጡ፣ መሠረት ወደምትባል የምክር ባለሙያ ላኩኝ። እሷም ወላጆችሽ ይምጡ አለች።

አባባ ሽምግልና መስሏቸው ኩታቸውን አጣፍተው መጡ። ገና ከመቀመጣቸው፣ «በይ ልጄ፣ ፍረጅን። ወንድሜ ሞላ በእርሻ ድንበር ተገደለ። ደሙን እንዲመልስ ለልጄ ጠመንጃ ሰጠሁት፤ ፈርቶ ጠፋ። ጥፋቱ የማን ነው?» አሉ። «እኔ አዳምጣለሁ እንጂ አልፈርድም» ብትላቸው፣ «ካልፈረድሽ ለምን ጠራሽን?» ብለው ብድግ አሉ። እማማን ብትጠይቃት መሬት መሬት አየች። ባሏ ባለበት ለባዳ ምን ትበል?

መሠረት የዋዛ አይደለችም፤ እሷም የገበሬ ልጅ ናት። ተነሥታ ጎንበስ አለችና፣ «አባቴ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ እናቴ አይናገሩም። ይፍቀዱላቸው» አለች። አባባ እንደቆሙ «ትናገር» አሉ።

እማማ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች፣ «ልጄ አልፈራም። ጠመንጃውን ከእጁ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ሂድልኝ ያልሁት እኔ ነኝ። ሞላን ቀብሬአለሁ፤ ልጄን አልቀብርም» አለች።

አባባ ኩታቸውን ሰብስበው ወጡ። ባጃጅም አልፈለጉ፣ በጋፋት በኩል በእግራቸው ሄዱ። እኛ ቀድመን ገብተን ስንፈራ ስንቸር ጠበቅናቸው። እንደገቡ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረዱት። እማማ አማተበች፤ እኔ በሩን ተደግፌ ቀረሁ። ይዘውት ወጡና ለነፍስ አባታችን ለቄስ ዓለምነው አስረክበውት ተመለሱ። ተቀመጡ። «ዝናሽ፣ ራት አለ?» ብለው እማማን በስሟ ጠሯት።

ወደ እኔ አልዞሩም። «አለ» አለች እማማ። ያን ጊዜ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ የገዛ ድምፄን ሰማሁት።

እርቁ ግን ገና ነው፤ ሽማግሌ ቢላክም የገዳይ ወገኖች ቁርጡን አልተናገሩም። ስለዚህ ደም ሊመልስ መጣ ብለው እንዳይቀድሙህ፣ ቶሎ እንዳትመጣ።

ለመሆኑ እዚያ ብርዱ እንዴት ነው? ጋቢ አለህ? ስትታመም ማን ያይሃል? ይህን የጠየቁህ ሰው ስማቸውን እንዳልጽፍ አዝዘውኛል።

አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፤ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ