በታሸገው ክሊኒክ ውስጥ ስለቀሩት ጥርሶች

ለተከበሩ የጤና ተቋማት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እርስዎና መላው ቤተሰብዎ ከጥርስ ሕመም ጭምር ተጠብቃችሁ በደኅና እንድትሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። የታናሽ እህቴ ጥርስ በሽቦ ታስሮ በመቃናት ላይ ሳለ፣ የሐኪሟ ፈቃድ አልታደሰም ተብሎ ክሊኒኩ ታሸገ፤ ሕግ በመከበሩ ደስ ብሎናል፤ መፍቻው ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሽቦው ደግሞ እህቴ አፍ ላይ መቅረቱን ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ቅሬታ ካልተቆጠረ አይሰማም ስለሚባል በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ ሽቦው እንዲፈታላት በየክሊኒኩ ስንዞር «ያሰረው ይፍታው» እየተባልን ተመለስን፤ ወደ ቢሮዎ ስንመጣም «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ስላሉን፣ ሂደቱን እንዳንረብሽ በትሕትና ወጣን።

ሁለተኛ፣ ሽቦውን ያሰረላት ሐኪም ጥርሷ ላይ በተለጠፉት ብረቶች ዙሪያ ምግብ እንዳያድር ተጠንቅቃ እንድትቦርሽ፣ ማጣበቂያው ከላላ ደግሞ ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ አስጠንቅቋት ነበር። ላላ፤ ሄደች፤ በሩ ላይ የጠበቃት የእርስዎ ማኅተም ነው። ድዷ እስኪደማ ብትፈትግም ብሩሹ ከላላው ብረት ሥር አልገባላትም።

ሦስተኛውን ቅሬታ ማለት ይከብደኛል። በክሊኒኩ መስኮት ሲታይ፣ የታካሚዎቹ ጥርስ በጀሶ ተቀርጾ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል። እህቴ ከሥራ ስትመለስ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ መቆም ጀመረች። ልወስዳት ብሄድ፣ «እትዬ፣ ያቺ የዳር ያለችው እኔ ነኝ፤ እሷን የነካት አቧራ ብቻ ነው» አለችኝ። ቤት ስንገባ የመኝታ ቤቱን መስታወት ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ እናታችንም መልሳ ለማዞር ደፍራ አታውቅም።

በመጨረሻ አንዲት የሆስፒታል ሐኪም «ማን አሰረሽ» ሳትል ፈታችላት። ጥርሶቿ ተቃንተዋል፤ ብረቶቹ በነበሩበት ዙሪያ ግን ኖራ የመሰለ ምልክት ቀርቷል፤ ማጣበቂያው የላላበትም ተቦርቡሯል። ሐኪሟ «ኢናሜል፣ የጥርስ ልባሱ ማለት ነው፣ አንዴ ከሄደ አይበቅልም፤ የቀረውን በፍሎራይድ እንጠብቀዋለን» ስትላት እህቴ አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ አደረገች። አሁን ስትስቅ እንሰማታለን እንጂ አናያትም።

ለሕግ ስላለዎት ቅናት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ የምመኝ፣

የታካሚዋ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ጥርስ ነክሳብኛለች ብለው እንዳይሰጉ፤ የሳሳው እንዳይሸረፍ ሐኪሟ መንከስ ከልክላታለች። የእኔ ጥርስ ግን ደኅና ነው።