ጫጉላና መርዶ

ማክሰኞ፣ ሜይ 12

አሥራ አራት የሆቴል ክፍል አጸዳሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ልወጣ ስል ማናጀሯ ቢሮ ጠራችኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ... ፖስታ ሰጠችኝ። የሰርግ ስጦታ ነው። ኩባንያው ደሴት ላይ፣ ውቅያኖሱ ዳር ሌላ ሆቴል አለው፤ ሀብታም የሚሄድበት። አራት ሌሊት ከነምግቡ። ሀኒሙን አልሄዳችሁም አሉ አለችኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ይገዙ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ሲገባ ነገርኩት። “ጥሩ ነው” አለ። በቃ።

ከተጋባን ዘጠኝ ቀናችን። ወይዘሮ አረጋሽ ሲያገናኙን ዝምተኛ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ላጤ ነው ብለውኝ ነበር። ዝምታው ግን ሌላ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ የለም። ካርቱም ብቻዬን ስኖር እንኳ እንዲህ አልሆንኩም... ለማን ይነገራል? ሙሽራ ነኝ።

ሰኞ፣ ሜይ 18

ስድስት ሰዓት ነዳ። ሬዲዮ እያዳመጠ። ክፍሉ አትላንታ፣ ስኮትዴል ካለው አፓርታማችን ይሰፋል። በረንዳ ላይ ወጥቼ ባሕሩን አየሁት፤ መጨረሻ የለውም። ና እይ አልኩት። መጣ፣ አየ፣ ተመልሶ ገባ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 19

ልማድ ሆኖብኝ አልጋውን አነጠፍኩ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወለወልኩ። ክፍል የምታጸዳው ልጅ ገብታ ስታይ ሳቀች። እኔም ሥራዬ ይኸው ነው አልኳት። አላመነችኝም። ስለ አንሶላና ስለ ወገብ ሕመም ብዙ አወራን። ዛሬ ከማንም በላይ ያወራሁት ከሷ ጋር ነው።

እሱ ቀኑን ሙሉ ጃንጥላ ሥር። ከነጫማው።

ረቡዕ፣ ሜይ 20

ባሕር። ምሳ። ባሕር።

ሐሙስ፣ ሜይ 21

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ሆቴሉ የደሴቱን ሰዎች ምግብ የሚያስተምርበት ክላስ አለው። ያስመዘገብኩን እኔ ነኝ፤ ሌላው ቢቀር ጎን ለጎን እንቆማለን ብዬ። አምስት ባልና ሚስት ነን። አስተማሪያችን ሚስ ሃቲ ይባላሉ፤ እዚያው ደሴት የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። የምንሠራው ቀይ ሩዝ ነው፤ ቀይ ያደረገው ቲማቲሙ። ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ፍጥረት አንበላም ስላቸው ዶሮ አመጡልን።

ሽንኩርት ክተፉ አሉ። ይገዙ እኛ ቤት ማንኪያ አንስቶ አያውቅም። ቢላዋውን ያዘ። ሽንኩርቱን መዳፉ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ያለ መክተፊያ፣ ድቅቅ አደረገው። እኔ እንኳ እንደዚያ አልከትፍም። ሚስ ሃቲ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ማን አስተማረህ አሉት።

“ሚስቴ” አለ በእንግሊዝኛ። “ታማ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ የማበስለው እኔ ነበርኩ።”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሚስ ሃቲ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

“አሁንስ ተሻለሽ፣ የኔ ልጅ?”

ምን ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት...

“አዎ” አልኩ። “ተሽሎኛል።”

ሩዙን ሠራን። ቀርቦ በላን። ከሁሉ የናንተ ይጣፍጣል ተባልን። ምን ምን እንደሚል አላውቅም፤ አልቀመስኩትም ማለት ይቻላል።

ዓርብ፣ ሜይ 22

ማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣ አሸዋው ላይ ይዤው ሄድኩ። ንገረኝ አልኩት። ነገረኝ።

ሉሊት ትባላለች። የጎንደር ልጅ። በተጋቡ በስድስት ወራቸው በሑመራ በኩል ወደ ሱዳን ወጡ። ገዳሪፍ አጠገብ ካምፕ ውስጥ ሳንባዋን ታመመች። እሱ እያበሰለ፣ እያጠበ፣ እየተሸከመ... ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው ከሞተች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። የቀበራት ራሱ ከሁለት የማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። አትላንታ ሲመጣ ላጤ ነኝ አለ።

ለምን ዋሸኸኝ አልኩት።

“ካልተናገርኩት ያለች ይመስለኝ ነበር” አለ።

ከዚያ የባሰውን ነገረኝ። እናቷ እማማ ኤልፍነሽ አያውቁም። መርዶ አልደረሳቸውም። ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤት ነው የሚያነብላቸው፤ እሱ ደግሞ በሉሊት ስም ይጽፍላቸዋል። ደህና ነኝ እናቴ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው...

የሰርጋችንን ፎቶ አገር ቤት አትላኪ ያለኝ ለካ ለዚህ ነው።

መኪና ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ በመስኮት ዛፍ ቆጠርኩ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 30

እማማ ኤልፍነሽ በጎረቤት እያስጻፉ የላኳቸውን ደብዳቤዎች ዛሬ ሰጠኝ። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በራሱ ፖስታ ሳጥን እየተቀበለ ታክሲው ውስጥ ያስቀምጣቸው ነበር። ብቻዬን ተቀምጬ አነበብኳቸው።

እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ ቀናሁባት። የሞተች ሴት ላይ... ከዚያ ካሴቱ ላይ ደረስኩ። “ድምፅሽ ራበኝ፣ በካሴት ቅጂና ላኪልኝ” ይላሉ። በሚቀጥለውም። በሚቀጥለውም። ምን ብለህ መለስክ አልኩት። ቴፑ ተበላሽቷል ብሎ ጽፏል።

ከዚህ በኋላ መቅናት አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ጁን 1

ነገርኩት። “ወይ አንተ ትጽፋለህ ወይ እኔ እጽፋለሁ። የልጃቸውን እርም ሳያወጡ ይሙቱ?”

አያገባሽም አለ። ሚስትህ ነኝ አልኩ። ሻንጣዬን አወጣሁ። ወይዘሮ አረጋሽ ቤት ልሄድ ነበር። እሱ ቀድሞኝ ወጣ፤ ታክሲው ሲነሣ ሰማሁት። ሻንጣው መካከል ወለል ላይ ቀረ፣ እኔም አጠገቡ።

ማክሰኞ፣ ጁን 2

አልመጣም።

ረቡዕ፣ ጁን 3

መጣ። ሁለቱንም ቀን ኤርፖርት፣ ታክሲ መቆሚያው ላይ መኪናው ውስጥ ነበር። ጺሙ አድጓል። ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና ለሉሊት አጎት ለአቶ ወንዳፍራሽ ጻፈ። ሁሉንም፣ የውሸቱን ደብዳቤም ጭምር። ሽማግሌ ይዘው፣ በማለዳ፣ በወጉ እንዲያረዷቸው ለመነ። አራት ጊዜ ቀደደው። ፖስታ ቤት አብረን ሄድን። እጁ አልለቅ አለው። የከተትኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጁን 20

መልስ የለም።

ምስር ስለቅም ድንገት “ሉሊት ዝናብ ትፈራ ነበር” አለ። ቀና አላልኩም፣ እንዳይተወው ብዬ። ብዙ አወራ። ስለሷ ሲያወራ ድምፁ ያምራል... እኔስ ምን እንደምፈራ ያውቃል? ሰው ቤቴ ውስጥ ማውራት ጀመረልኝ፤ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ሴት ነው። ይሁን። ከዝምታው ይሻላል። ይሻላል?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 18

የአቶ ወንዳፍራሽ ደብዳቤ መጣ። ማንበብ አቃተው፣ እኔ አነበብኩለት። እማማ ኤልፍነሽ ተረድተዋል። ጎረቤቱ ሁሉ አልቅሷል። የቀበራት ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ ራሱ ነው አሏቸው። አልረግመውም ብለዋል። በልጄ ስም ግን ሁለተኛ እንዳይጽፍ።

ይገዙ ለቅሶ መቀመጥ እፈልጋለሁ አለ። እዚህ፣ እኛ ቤት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 25

ወይዘሮ አረጋሽ በስልክ ተቆጥተውኝ ነበር። ገና ሦስት ወር ያልሞላት ሙሽራ ለጣውንቷ ለቅሶ ትቀመጥ? ሰው ምን ይላል? መጡ ግን፤ ጥቁር ለብሰው፣ ድስት ተሸክመው። ከኖርክሮስም ከኮሌጅ ፓርክም ሃያ ሰው ያህል መጣ። ሶፋውን አውጥተን ሁሉም መሬት ተቀመጠ።

ለቅሶው ግን አልጀመር አለ። የሚያውቃት የለማ። ሟቿን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ይገዙ ምንጣፉን ያያል። አንዱ ሰዓቱን አየ። ሃያ ሰው ቤቴ ተቀምጦ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነሣሁ። ሉሊት ትባላለች አልኩ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሁልጊዜ ታረፍዳለች። ታማ ሳለች እንኳ ከራሷ ራሽን ቆርሳ አጠገቧ ላለች ልጅ ትሰጥ ነበር። እናቷ ሦስት ዓመት ድምፅሽን ላኪልኝ እያሉ ኖሩ አልኩ... ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። ወይዘሮ አረጋሽ ጀመሩት፣ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ያላየኋትን ሴት አለቀስኩ፤ ካርቱም ሳለሁ ሳላለቅስ የቀረሁትንም ሁሉ አብሬ።

ይገዙ “ሉሊቴ” ብሎ ደረቱን መታ። እኔን እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሰው ሲወጣ ወይዘሮ አረጋሽ በር ላይ ጉንጬን ሳሙኝና ሄዱ። ይገዙ ኩባያዎቹን ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ። ዓይኑ አብጧል።

“ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?” አለኝ።

“አንድ ሰዓት።”

“አደርስሻለሁ። አውቶቡስ አትጠብቂ።”

እሺ አልኩ።

ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ምን እንደምናወራ አላውቅም። ስለ እኔ ቢጠይቀኝስ... ከየት እጀምራለሁ?