ለሀጂ ሶባንዲ ታንክ የሚሆን አዳፕተር

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2
ቶርኖው ላይ ዋልኩ። የሁለት አየር ጠመንጃ ሰደፍ ቀባሁ። ከሰዓት ሀጂ ሶባንዲ መጡ፣ የኮኮናት ገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር። ሽኮኮ ኮኮናቱን ጨርሶባቸዋል። የአባላቱን ጠመንጃ ሁሉ የሚሞላ አንድ ትልቅ የአየር ታንክ ገዝተዋል... ያለ ቫልቭ፣ ያለ አዳፕተር።
«አንተ ምረጥልን» አሉኝ።
ቫልቩ አያስቸግርም። ቀስ ብሎ የሚከፈት፣ ጌጅ ያለው፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር የሚያስተነፍስ ቡሎን ያለው። ማስተንፈሻ የሌለው ይረክሳል፤ ግን ቱቦውን ሲነቅሉት ጣት ይዞ ይሄዳል።
ችግሩ ቱቦውን ከጠመንጃው ጋር የሚያገጥመው አዳፕተር ነው። እዚህ መንደር እያንዳንዱ ወርክሾፕ የመጋጠሚያውን ጥርስ የሚያወጣው በራሱ ልክ ነው፤ ደንበኛ ሌላ በር እንዳያንኳኳ። ከማኅበሩ ጠመንጃ ግማሹ የኔ ሥራ ነው፣ ግማሹ የታላቅ ወንድሜ የካንግ ኦሞ። የኔ አዳፕተር የሱ ሥራ ላይ አይገጥምም። የሱም የኔ ላይ።
ካንግ ኦሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ደንበኛዬን ወሰድክ አለኝ፤ እኔም ያንኑ አልኩት። ሰላምታ ካቆምን ቆየን።

ረቡዕ፣ ጁላይ 3
ባለቤቴ ኤኔንግ፦ «ተሻግረህ አነጋግረው።»
«እሱ ይምጣ።»
«እሱም ለሚስቱ እንደዚሁ ነው የሚላት።»

ዓርብ፣ ጁላይ 5
ከስግደት በኋላ ሀጂ መስጊዱ በር ላይ ሁለታችንንም ያዙን።
«በመጪው ሳምንት እሁድ አደን አለ። እስከዚያ ካልተስማማችሁ ለሁሉም አባል ከከተማ አዲስ ጠመንጃ አስመጣለሁ። ከዚያ ሁለታችሁም መጥበሻ ጠግኑ።»
ካንግ ኦሞ ጫማውን ይፈልግ ነበር። ወይም የሚፈልግ መሰለ። እኔም የኔን ፈለግሁ።
ማኅበሩ ከሄደ ምን ይቀረኛል? ለእሱስ ምን ይቀረዋል?

ሰኞ፣ ጁላይ 8
ኤንግኮስ የሚባለው ኮኮናት አውራጅ የካንግ ኦሞን ጠመንጃ ይዞ መጣ። ወርክሾፔ ካለው ታንክ አየር ሙላልኝ አለ።
«አይገጥምም።»
«ይገጥማል፣ ትንሽ ነው የሚላላው። ቴፍሎን እጠመጥምበታለሁ።»
ቴፍሎን! የውኃ ቧንቧ መሰለው። እንዳትነካው ብዬ ስልክ ላነሳ ዞር አልኩ። ጠምጥሞ፣ አጥብቆ፣ ቫልቩን ከፈተው።
አዳፕተሩ ተስፈንጥሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። ኤንግኮስ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ። ደም የለም። አልሐምዱሊላህ።
ካንግ ኦሞ ሽርጡን በእጁ ሰብስቦ እየሮጠ ገባ።
«ማን ተጎዳ? አንተ ነህ?»
«ማንም።»
ጣሪያውን አየ። ከዚያ ኤንግኮስ ላይ ዞረ። «አንተ ጅል! በሁለት ጥርስ ብቻ ተይዞ አየር ይሞላል?»
«እናንተ ብትነጋገሩ እኔን ምን ያስጠመጥመኛል?»


ማክሰኞ፣ ጁላይ 9
ካንግ ኦሞ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን ይዞ መጣ።
«ጥርሴን አልቀይርም።»
«እኔም።»
ተቀመጠ። ኤኔንግ ሻይና የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ አቀረበች። በልቶ ሲጨርስ፣ «ጠመንጃው ውስጥ የሚገባው የመሙያው ጫፍ የየራሳችን ይሁን» አለ። «ወደ ውጭ የሚወጣው ግን አንድ ዓይነት። ጥርስ የሌለው፣ ተገፍቶ ቀጭ የሚል።»
ያኔ አንድ አዳፕተር ለሁሉም ይበቃል። እኔም አስቤው ነበር... ቀድሞኝ ተናገረ።
ካሊፐርህ ይሳሳታል ስለው ተቆጣ። በኔ ለክተን በሱ አረጋገጥን።

እሁድ፣ ጁላይ 14
ሁሉም ጠመንጃ ከአንድ ታንክ ተሞላ። እኔ ቫልቩን፣ ካንግ ኦሞ ቱቦውን ያዝን። «ቀስ!» እያለ ይጮህብኛል። ቀስ ብዬ ነበር እኮ። የገደሉት ሽኮኮ ግን ጥቂት ነው። ሀጂ አሁን ደግሞ ተኳሾቹን ይሳደባሉ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27
የኤኔንግ እህት ልጅ ሠርግ አለ፣ ጋሩት ከተማ። ሱቁን ዘግቼ በሩ ላይ ካርቶን ሰቀልኩ፦ «አየር የሚሞላ ከመንገዱ ማዶ፣ ካንግ ኦሞ ጋ።»
ኤኔንግ አነበበችው። «ስሙን እንዴት በትልቁ ጻፍከው!»
ከሩቅ እንዲታይ ነው አልኳት።