የማትታመመው ኮምፒውተር

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬም ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ማተሚያ ቤት ተደወለ። «ሐኪሟ፣ በሽተኛሽ ደግሞ ተኝታለች!» ኮምፒውተሯን ነው። ከአፕዴት በኋላ ፕሪንተሩን አላውቅህም ብላዋለች። ሄጄ አስነሳኋት። ከዚያ እንደተለመደው ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ከቤቱ ቋጥሮ ያመጣውን ምሳ በላን። ወንድሜ ሲበላ አያወራም፤ ከጠገበ ግን አያቆምም። አንድ ደንበኛ የገዛ ስሙን አሳስቶ ጽፎ ሰጥቷቸው፣ ታትሞ ሲያየው «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ብሎ ድርቅ... ሳቅን።

ቤቴ ስገባ ጭር ብሏል። የእኔም ኮምፒውተር አፕዴት ትጠይቃለች። እሷ እንኳ ትፈልገኛለች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ተበላሸች። ሄድኩ። ፓስታ በላን።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

የዛሬው ቀልድ አልነበረም። የሠርግ ጥሪ ካርድ ለከሰዓት ቀጥሮ ኮምፒውተሯ ጭራሽ አልነሳም አለች። እኔ ስደርስ የሙሽራዋ እናት ተናደው ሌላ ማተሚያ ቤት ሄደዋል። ጋሼ ላብ በላብ ሆኗል። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር...

«እስቲ ንገሪኝ፣ የሰው ሁሉ ኮምፒውተር እንዲህ ነው?»

ነገርኩት። ኮምፒውተሯ የምትሠራበት ሲስተም ሁለት ዓይነት ነው። የሙከራው ዓይነት፣ አዲስ ነገር ሁሉ ቀድሞ ይደርሰዋል፤ ግን ተፈትኖ ስላላለቀ ይሰናከላል። የተረጋጋው ትንሽ ያረጀ ነው፤ ግን አይነቃነቅም። አምና አዲሱን የዲዛይን ፕሮግራም ፈልጎ የሙከራውን ያስጫነኝ ራሱ ነው።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«እሑድ እመጣለሁ... እናያለን።»

ምኑን ነው የማየው? ሃያ ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው፣ መልሱን እያወቅሁት!

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሁለቱ ሲስተሞች ያሉባቸውን ፍላሾች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳያቸው ዋልኩ። አዲሱ የሙከራ እትም ያለፈውን ችግር አስተካክሏል ይላሉ። ውሸት አይደለም። ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል፤ ይሄም ውሸት አይደለም። እሱን ብጭንለት ማን ያውቅብኛል? በሳምንት አንዴ ይደውላል። የተረጋጋውን ብጭንለትስ... ማን ይደውልልኛል? ደንበኞቼ እንደሆኑ «ስንት ነው?» ብለው ነው የሚዘጉት።

እንዲህ ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ። ብቸኝነት ሰውን እዚህ ያደርሳል እንዴ?

ጥቅምት 23፣ እሑድ

የተረጋጋውን ጫንኩለት። ከመጫኔ በፊት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «አንቺ ካልሽ አለቀ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። በቃ፣ እቺ ቃል ናት የያዘችኝ።

ስወጣ ጋሼ በደስታ፣ «ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። ተገላገልሽ!»

«ተገላገልኩ» አልኩ። መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ስልክ የለም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

እኔው ደወልኩ።

«በሽተኛዋ እንዴት ናት?»

«ንቅንቅ የለም! ሐኪምም አላስፈለጋት።» ከኋላው ማሽኑ ይንጓጓል። «ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ...»

በኋላ አልደወለም። ደስ ብሎኛል፤ የእውነት። ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ። ታዲያ ለምንድን ነው ሆድ የባሰኝ?

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ዝም ብዬ ልሂድ? ምን ብዬ? እግረ መንገዴን ነው እንዳልል ሰፈሩ መንገዴ አይደለም። ሳልጠራ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ...

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ሄድኩ። የመሣሪያ ቦርሳዬን ሆን ብዬ ቤት ተውኩት።

በሩ ላይ ሲያየኝ ደነገጠ። «ሐኪሟ! ምን እግር ጣለሽ? እኛ ጋ እኮ የተበላሸ የለም።»

«አውቃለሁ። አንተን ልይ ብዬ ነው።»

እንዲህ ተባብለን አናውቅም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ለካ እዚህ ቤት ሁልጊዜ ኪቦርድ ላይ ነበር። እሱም ግራ ገብቶት ከወንበሩ ላይ ወረቀት አነሳልኝና የካርድ ክምር ወደ እኔ ገፋ። «በይ ባዶ እጅሽን አትቀመጪ፤ መሃል ለመሃል እጠፊልኝ።» የመጀመሪያዎቹን አጣምሜ ባጥፋቸው ተቆጣኝ። ደስ አለኝ። ኮምፒውተሯ ጥግ ላይ ሥራዋን ትሠራለች፤ ዞር ብሎ ያያት የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። የሁለት ሰው ነው። ሹካውም ሁለት።

«እመጣለሁ አላልኩህም እኮ» አልኩት።

«አላልሽም።» ቀና ብሎ አላየኝም። «እጄ ለምዶበት ነው። የተረፈውን ማታ ማታ እበላዋለሁ።»

ዛሬ አልተረፈም።